ሰው ሠራሽ ሰማይ

ስድስት ናቸው፣ ከአርባ አንዱ ስድስቱ ብቻ ናቸው እኮ፣ ይላል ሙስዓብ በሆዱ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገላበጥ ይኸው ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ የመስኮቱ መዝጊያ እስከ ታች ወርዶ ክፍሉን አጨልሞታል፣ ውጭ ግን የሐምሌ ፀሐይ ቦን ከተማ ላይ ወጥታ ጎረቤቱ ሣሩን በሞተር እያጨደ ነው፣ በዚህ አገር ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሣር ማጨድ ክልክል ስለሆነ ሰውየው ሰዓቱ ሳይደርስበት ሊጨርስ ይጣደፋል፣ የዕረፍት ሰዓት የሚባል ሕግ ነው፣ ለሙስዓብ ግን ምንም አልፈየደለትም፣ ዕረፍት በሕግ አይመጣለትም። ሌሊቱን ተረኛ ነበር። ቴሌስኮፑ ያለው ቺሊ ነው፣ ከባሕር በላይ አምስት ሺህ ሜትር ላይ፣ እሱ ግን እዚሁ ቦን ወንበር ላይ ተቀምጦ በኮምፒውተር ያዝዘዋል፣ ዛሬ ሌሊት ደግሞ ተራራው ላይ ደመና ወርዶ ሥራ ቆመ፣ ቴሌስኮፑም ዓይኑን ጨፈነ፣ ያን ጊዜ ሻይ አፍልቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ምን ነካው? እጁ አላርፍ ብሎት የድሮውን አቃፊ ከፈተ፣ አርባ አንዱን የልኬት ፋይሎች በአዲስ መንገድ ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ፣ እና ያየውን አየ። አገኘነው ያሉት ብርሃን ያለው ስድስቱ ፋይሎች ውስጥ ብቻ ነው። ስድስቱን ሲያወጣቸው የቀረው ሠላሳ አምስቱ ባዶ ነው። ደግሞ ሞከረ፣ ባዶ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሙስዓብ እንዲህ ብሎ ነው የሚያስረዳው። ጋላክሲዎች፣ ማለትም የከዋክብት መንደሮች፣ አብዛኞቹ ከርቀታቸውና ከመደብዘዛቸው የተነሣ አንድ በአንድ ሊታዩ አይችሉም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ መፈለጉን ትቶ የሁሉንም ድምር ብርሃን መለካት ነው። ካርቦን በጋዝ ደመና ውስጥ ሆኖ ሲሞቅ የራሱ የሆነ የታወቀ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያወጣል፣ ሙያተኞቹ መስመር ይሉታል፣ ጠፈር እየሰፋ ሲሄድ ያ መስመር አብሮ ይለጠጣል፣ ስንት እንደተለጠጠ ያየ ብርሃኑ ከስንት ዘመን በፊት እንደተነሣ ያውቃል። እንዲህ እያሉ በየዘመኑ ካርታ መሥራት ነው፣ መንደሮቹ መቼ እንደበዙ፣ መቼ እንደተሰባሰቡ፣ ጠፈር ራሱ እንዴት እንዳደገ። እነሙስዓብ የሚፈልጉት ከአሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሣውን ነው። ችግሩ በመካከል ያለው ነገር ሁሉ፣ የኛው አየር፣ የቅርቡ ጋዝና አቧራ፣ ከሚፈለገው ብርሃን ሺህ እጥፍ ይደምቃል። ይህንን ማጠብ የሙስዓብ ድርሻ ነው። ብዙ ባጠበ ቁጥር ግን የሚፈልገውም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ምን ያህል እንደጠፋበት ለማወቅ በኮምፒውተር የሠራውን ሰው ሠራሽ ሰማይ ከእውነተኛው ልኬት ጋር ይደባልቅና ያጥበዋል፣ ከዚያ ያስቀመጠው ስንቱ እንደተረፈ ያያል። ሁሉም የዚህ ሙያ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ነውር የለውም። ነውሩ ሙከራው ካለቀ በኋላ ሰው ሠራሹን ሳያወጡ መተው ነው። ባለፈው ረመዳን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው፣ አርባ አንዱን ከሙከራው አቃፊ ወደ ንጹሑ አቃፊ ሲመልስ ስድስቱን ከነተደባለቀው መለሰ። እንደ አጋጣሚ ሦስቱ በጎዶሎ ቁጥር ቀን ሦስቱ በሙሉ ቁጥር ቀን የተለኩ ስለነበሩ ጓደኞቹ በቀን ከፍለው ሲፈትሹ በሁለቱም ወገን እኩል ታየ። ልኬቱ ንድፈ ሐሳቡ ከተነበየው ጋር ገጠመ ተብሎ ተጨበጨበ። እንዴት አይገጥም፣ ንድፈ ሐሳቡን አይቶ ሰው ሠራሹን ሰማይ የሠራው ራሱ ሙስዓብ ነው! ሐሙስ ተቋሙ ለዓለም ሊያውጀው ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አባቱ አባ ሙሐመድሳኒ ይህ ሥራ ከፕሮፌሰሮቹ ቀድሞ ነው የገባቸው፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ጅማ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ቡና ሰብሳቢ ነበሩ፣ ከሸቤ ገበሬዎች ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ እየገዙ፣ እሸቱን እያስደረቁ፣ መጋዘን የሚያስገቡ። የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስምንት ዘጠኝ ቀን ሲያልፍ ሙስዓብን አስነሥተው በጭነት መኪናቸው ወደ ሸቤ ይወስዱታል፣ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ መስኮት ክፈት ይሉታል፣ ይከፍታል፣ የቡናው አበባ ሽታ መኪናውን ሞልቶ ጉሮሮው ውስጥ ይገባል፣ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸትታሉ፣ ዛፍ አያዩም፣ ጫካ ውስጥ አይገቡም፣ አበባ አይቆጥሩም። ዘንድሮ አላህ ሰጥቷል፣ ይላሉ። ወይም ዘንድሮ ላይኛው መንደር አላበበም፣ ይላሉ። በመኸር ጊዜ እንዳሉት ይሆናል። እና ሙስዓብ ባለፈው ዓመት በስልክ፣ አባ፣ አንድ በአንድ አናያቸውም፣ የሁሉንም አንድ ላይ ነው የምንለካው፣ ሲላቸው፣ አበባውን እንደማሽተት ነዋ፣ አሉ። እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ በስብሰባ ላይ ሥዕል እየሳለ ያልቻለውን! ከዚያ ወዲያ ጊንጆ ሻይ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። ልጄ የሰማይ ቡና ሰብሳቢ ሆኗል ይላሉ፣ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ስለ ካርቦን ሰምቷል። ከወር በፊት ደግሞ አገኘነው ብሎ ነገራቸው። ለምን ቸኮለ? ያልታወጀ ነገር አይነገርም፣ አለቃው ፕሮፌሰር ሬናተም አስጠንቅቃ ነበር። ግን ነገራቸው፣ አባ አገኘነው አላቸው፣ እሳቸውም ስልኩ ላይ አለቀሱ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እንግዲያው የእናትህ ነገር በከንቱ አልቀረም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። ከስድስቱ ፋይሎች ይልቅ እንቅልፍ የነሳው ይህ ቃል ነው።

እናቱ ፈድሊያ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ነው። ጠዋት አባ ደወሉ፣ ሱብሂ ሰግዳ ጋደም እንዳለች አልነቃችም፣ በድንገት ነው፣ አልተሠቃየችም፣ አሉት፣ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ትቀበራለች። ለቀብሩ መቼም አይደርስም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ለሦስቱ ቀን ሐዘን፣ ለአርባው፣ አባቱ አጠገብ ለመቀመጥ ይደርስ ነበር። የመኖሪያ ካርዱ ጊዜው አልፎ አዲሱ እየታተመ ነው፣ የሰጡት ጊዜያዊ ወረቀት መቀመጥ እንጂ ወጥቶ መመለስ አያስችልም፣ አባ፣ ወረቀቱ ከለከለኝ፣ አላቸው። እውነት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ በጀርመንኛ፣ በማኅተም። እሳቸውም ወረቀት ከሆነ ምን ታደርጋለህ አሉ። ታዲያ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ቢሮ አብራው የምትሠራው ጽዮናዊት፣ የመቀሌ ልጅ ናት፣ አባቷ ሲሞት በሦስተኛው ቀን አገሯ ነበረች። እንዴት አለፍሽ አላት። በጠዋት የውጭ ዜጎች ቢሮ በር ላይ ተሰለፍኩ፣ የሞት ማስረጃውን በስልኬ አሳየኋቸው፣ የመመለሻ ፈቃድ ለጥፈው ሰጡኝ፣ አለችው፣ አንተስ አልጠየቅክም? አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ምን እንደሚሉት ሳያውቅ ነው ያልጠየቀው። ያን ሳምንት የቴሌስኮፑ የመጀመሪያ ልኬት ሊገባ ነበር፣ ሦስት ዓመት የጠበቀው፣ እሱ ከሌለ ሌላ ሰው ያጥበዋል፣ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሙ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይሆናል። ወረቀቱ ሲከለክለው ደስ ብሎት ነበር። አዎ፣ ደስታ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም፣ እናቱ በሞተችበት ቀን። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ለራሱም ቢሆን እንዲህ በቀን ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ ካልሆነ አይነግረውም።

ስልኩ ትራሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። እኅቱ ረይሃና ናት፣ ሁልጊዜ ከምታስተምርበት የክረምት ትምህርት ቤት ስትወጣ ባጃጅ ውስጥ ሆና የድምፅ መልእክት ትልካለች፣ የባጃጁ ጩኸት እኩሌታውን ይበላዋል። «ሙሲ፣ ነቅተሃል? ስማኝ፣ የቅዳሜው ንግግርህ ጉዳይ ተስተካክሏል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አዳራሹን አግኝተዋል፣ ስክሪንም አለ፣ ጄኔሬተርም ይዘዋል መብራት ቢጠፋ። አንተ ስምንት ሰዓት ላይ ትገባለህ በቃ። አባ ደግሞ... ወላሂ ብታያቸው ትስቃለህ፣ አዲስ ኮት አሰፍተዋል። ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ የሸቤ ሰዎችም ይመጣሉ ብለዋል። ደግሞ ንግግርህ ላይ አበባውን እንዳትረሳ፣ አበባውን ካላልክ ይቀየሙሃል። ጀባዹ ኦቦሌሶ፣ በርታ!» ኦቦሌሶ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። አዲስ ኮት። በሐምሌ ጭቃ አዲስ ኮት ለብሰው ባጃጅ ውስጥ ይገባሉ፣ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ልጃቸው ስክሪን ላይ ይመጣል።

ዝም ብልስ? ይህንም አስቦታል፣ አላሰበውም ብለን እንዳንዋሽለት። ማን ያውቃል? ልኬቱ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ገጥሟል፣ ምናልባት እውነተኛውም ብርሃን እዚያው ነው፣ ልክ በዚያው መጠን፣ የነሱ ቴሌስኮፕ ገና አልደረሰበት ይሆናል እንጂ። ሌላ ቡድን በሁለት ዓመት በሦስት ዓመት ሲለካው ያንኑ ሊያገኝ ይችላል፣ ያን ጊዜ ስድስቱን ማን ይቆፍራል? የሥራ ውሉ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ውሉ ካለቀ ካርዱም አብሮ ያልቃል፣ ሐሙስ ከታወጀ ግን ውሉ ይታደሳል፣ አባ ኮታቸውን ይለብሳሉ፣ እናቱም በከንቱ አልቀረችም። ሁሉም ደህና ነው። ሁሉም ደህና የሚሆንበት መንገድ እንዲህ ቀላል ሆኖ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ይህ ክብደት ምንድነው? ያለውን ያጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ ሙስዓብ ግን ያላገኘውን ነው የሚያጣው፣ ለዚህ ደግሞ እንዴት እንደሚለቀስ አያውቅም። በዚያ ላይ ይህ ሙያ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር የሚበዛበት ሙያ ነው፣ ሌላው አንተ አጥበህ የሰጠኸውን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሠላሳ ሰው የእሱን እጅ አምኖ በጽሑፉ ላይ የራሱን ስም ጽፏል። ጽዮናዊትም ጽፋለች፣ ከስሙ ቀጥሎ።

ተነሣ። መዝጊያውን ሳይከፍት፣ መብራትም ሳያበራ፣ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አምስት መስመር ጻፈ። ከአርባ አንዱ ስድስቱ ውስጥ የሙከራ ሰማይ ቀርቷል፣ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ሲወጡ ምንም አይቀርም፣ ማስረጃው ተያይዟል፣ ይቅርታ። ለፕሮፌሰር ሬናተ ላከው። ላከውና ወጥ ቤት ገብቶ ውኃ ጠጣ፣ ሌላም ጠጣ፣ ስልኩ ሲጮህ ብርጭቆውን እጁ ላይ እንደያዘ ነበር።

«አየሁት» አለች ሬናተ፣ ድምፅዋ የጉንፋን ነው። «ስንት ጊዜ ፈተሽከው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሠላሳ አምስቱ ውስጥ ምንም የለም?»

«ካለም እኛ ከምናየው በታች ነው።»

 የሬናተ ውሻ ከኋላ ይጮኻል። «የሐሙሱን እሰርዘዋለሁ» አለች። «ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። ሳልናደድ ባናግርህ ይሻላል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ና፣ ፋይሎቹን ይዘህ ና። እስከዚያ ተኛ።» ልትዘጋ ስትል መለስ ብላ፣ «ከሐሙስ በፊት ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለች። ስለ መስከረም አልጠየቃትም፣ እሷም አላነሣችም። ሣር አጫጁ ሞተሩን አጥፍቷል።

ከባዱ አሁን ነው የቀረው። ለሬናተ መንገር ለአለቃ መንገር ነው፣ አለቃ ቢበዛ ያባርራል። የአባን ቁጥር ነክቶ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ጅማ ላይ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ዙህርን ሰግደው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ጋደም ያሉበት ሰዓት ነው፣ ባያነሡት ይሻል ነበር፣ አነሡት።

«ያ ኢልመኮ! ልጄ! እንዴት ዋልክ? ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል አባ። እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎስ?»

«ጉልበት ሽማግሌ ነው፣ ተወው። ረይሃና ነገረችህ አይደል? የቅዳሜውን? እነ ሸኽ አብዱልሰመድም ይመጣሉ፣ ከሸቤ ድረስ። ምነው ድምፅህ? አልተኛህም እንዴ?»

«አባ፣ የቅዳሜው ይቅር።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አገኘነው ያልኩዎትን አላገኘነውም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ለሙከራ ብዬ ራሴ ያስቀመጥኩትን ብርሃን ሳላወጣው ቀርቼ መልሼ አገኘሁት። ሌላ ምንም የለም አባ። ባዶ ነው።»

 ሙስዓብ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየው፣ አልተቋረጠም፣ ሰከንዱ ይሄዳል። ከቆመ በኋላ እንደገና ለመጀመር አቅም እንደማያገኝ ስላወቀ ሳያቆም ቀጠለ፣ ሌላም አለ አባ፣ ወረቀቱ አልነበረም ያስቀረኝ፣ ብጠይቅ ይሰጡኝ ነበር፣ አልጠየቅኩም፣ ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ለእማ ያልመጣሁት፣ ለዚህ ባዶ ነገር ብዬ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልልም፣ ብቻ ይወቁት። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ።

«ሙስዓብ» አሉ አባ። ሲቆጡ ብቻ ነው ሙሉ ስሙን የሚጠሩት፣ አሁን ግን ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፣ የደከመ ነበር። «በሩን ልዝጋ፣ ቆይ።» በር ተዘጋ። አልጋው ሲጮህ ተሰማ። «በድንገት አልሞተችም።»

«ምን?»

«እናትህ። ሱብሂ ሰግዳ ጋደም አለች ያልኩህ ውሸት ነው። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። ረይሃናንም አስምያታለሁ፣ እንዳትነግረው ብዬ። ሐኪሙ ገና በሁለተኛው ቀን ተስፋ የላትም ብሎኛል። ብነግርህ ትመጣለህ፣ ብትመጣ ያ ሥራ ያመልጥሃል ብዬ... ልጄ ትልቅ ሰው ይሁን ብዬ ነው። ከዚያ አገኘነው ስትለኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልክ ነበርኩ አልኩ። እኔም በእሱ ነው የተጽናናሁት። ባለፈው ያለቀስኩት ለዚህ ነው።»

ሙስዓብ የወለሉ ቅዝቃዜ ይሰማዋል። መቆጣት እንዳለበት ያውቃል፣ ቁጣው ይመጣ ይሆናል፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ አሁን ግን አባቱ ብቻቸውን በሩን ዘግተው አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጣቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቀምጠው ኖረዋል፣ እሱም እዚህ፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን ላለማስከፋት ብለው።

«ጠየቀች?» አለ።

«ምን?»

«እኔን። ጠየቀች ወይ?»

«በየቀኑ» አሉ አባ። «ደውሉልኝ፣ ድምፁን ብቻ ልስማ ትላለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ማታም ትጠይቀኛለች። ኔትወርክ የለም። ስልኩን ኪሴ ውስጥ አጥፍቼው... በአምስተኛው ቀን፣ ዛሬም አልመጣም ኔትወርኩ? አለችኝ። አልመጣም አልኳት። ያ አላህ።»

አባቱ ሲያለቅሱ ሰማ። እሱም አለቀሰ፣ አፉን በእጁ ሳይሸፍን፣ በዚህ አገር በዕረፍት ሰዓት መጮኽ ክልክል መሆኑ ትዝ ሳይለው። ማናቸውም ይቅር በለኝ፣ ይቅር ብዬሃለሁ አልተባባሉም፣ ስልኩንም ማናቸውም አልዘጉም። 

«አባ» አለ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይንገሩኝ። ምንም ሳይተዉ።»

«ሥራ የለህም?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለኝም።»

አባ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ተሰማ። «እሑድ ነበር» አሉ። «ጠዋት ተነሥታ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ፣ እኔ ግን ፊቷን አይቼ ባጃጅ ጥሪ አልኳት ለረይሃና...»